ለዳማና ለቦራ ሁለት ሳህን

ቦራ ጥርሱን ሲያፋጭ አፊያ ደብተሯን ጥላ ሮጠች። አልደረሰችም። ዳማ ዘሎ ጆሮውን ነክሶት ነበር። መጥረጊያውን መሀላቸው አስገብታ ስታላቅቃቸው የቦራ ጆሮ ጫፉ ተቀዷል፤ ሣሩ ላይ ደም ተንጠባጥቧል።

ጊኒ ፒግ ይሏቸዋል። ከጥንቸል የሚያንሱ፣ ሣር ሲያዩ የሚያፏጩ ሁለት ወንዶች ናቸው። የሰፈሩ ሰው «ጅራት አልባ አይጦች» ይላቸዋል፤ ብዙም አልተሳሳተም። ወንድሟ ሱሀይል ነው ከአዲስ አበባ በካርቶን አምጥቶ የፈረስ ስም ያወጣላቸው። ፈረስ ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ ይጫኑ ነበር።

ሱሀይል አሁን እንጅባራ የለም። «ሱቅ አልቀመጥም» ብሎ ከአባታቸው ጋር ተጣላ። ሽማግሌ ገባና አባትና ልጅ ከአንድ ትሪ እንዲበሉ አደረገ። በሉ፤ ሰው እያያቸው ትሪውን ጠረጉት። በሦስተኛው ቀን ሱሀይል ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ጫግኒ ወረደ። በር ላይ ለአፊያ፣ «እነዚህን ሳትለያዪ አስማምተሽ ከጠበቅሽኝ ለአረፋ እመጣለሁ» አላት። የቀልድ ነገር ነበር። እሷ ግን እንደ መሐላ ያዘችው። በደወለ ቁጥር «አብረው ናቸው?» ይላታል። «አብረው ናቸው፣ ተፋቅረዋል» ትለዋለች። ሦስት ጊዜ ዋሽታዋለች።

«ዛሬም ተበላሉ?» አሉ ጎረቤታቸው እማማ ሀሊሜ፣ በአጥሩ በር ብቅ ብለው።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ከአንድ ሳህን አብያቸው ያሉኝ! በፊት እኮ እያንዳንዱ በየጥጉ ሲበላ ቢኮራረፉም አይናከሱም ነበር። ሳህኑ አንድ ሲሆን ቀድሞ የደረሰው ሌላውን አላስጠጋ አለ።»

«ሰውን የምናስታርቀው እንደዚያ ነዋ! አይጥ መሆናቸውን ማን አስታወሰ?»

«ሰውስ ታርቋል?»

እማማ ሀሊሜ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ያን ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆኜ አባትሽን ሲበላ አይቼዋለሁ» አሉ። «አንድም ጊዜ ቀና ብሎ ልጁን አላየውም። እኛ ግን ‹አልሐምዱሊላህ› ብለን ተነሣን። ለመሄድ ቸኩለን ነበር።»

ስልኩ ጮኸ፤ ሱሀይል ነው። ለአረፋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። አፊያ ቦራን በሻርፗ ጠቅልላ ጉያዋ አስገባችው፤ ልቡ ድው ድው ይላል።

«እሺ ቀበጧ! አብረው ናቸው?»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። አንድ ቃል ናት። ምናልባት ነገ ፌስታሉን ይዞ ሚኒባስ ይሳፈር ይሆናል። መጥቶ የተቀደደውን ጆሮ ያያል። ከዚያ ደግሞ አባቱ ፊት ይቀመጣል፤ ትሪ ይቀርባል።

«አይደሉም» አለች።

«ምን?»

«ከሄድክ ጀምሮ ይናከሳሉ። ዋሽቼህ ነው። አንድ ሳህን አይሆናቸውም፣ ሱሀይል። ልለያቸው ነው።»

ሱሀይል ወሬውን ወደ አባቱ አዞረው።

«አባባስ?»

«ሱቅ ነው።»

«ጠየቀ እንዴ... ስለ እኔ?»

አፊያ የቦራን ጆሮ በጣቷ ዳሰሰች። «አልጠየቀም።»

«እሺ» አለ። ስለ አረፋ አላነሳም። ስልኩ ተቋረጠ፤ ኔትወርክ ይሁን እሱ ይዝጋው አልታወቀም።

አፊያ ከጓሮ አንድ ጣውላ አምጥታ የእንስሶቹን ቤት መሀል ለመሀል ለካች። እማማ ሀሊሜ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ጣውላውን ያዙላት።

«እስከ መቼ ነው?» አሉ።

«ሚስማሩን ያቀብሉኝ።»

መትታ ስትጨርስ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሰፊው ትሪ ለአረፋ ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል። አነሣችው፤ ጥቂት ይዛው ቆመች። ከዚያ ቦታው መለሰችውና ሁለት ትንንሽ ሳህኖች ይዛ ወጣች።