ቁጥር ሰባት ምክንያቱን ያውቃል

«ጠበቃዋ» የሚል ቅጽል ስም ያወጡላት የገዛ ቡድኗ ልጆች ናቸው። የምትማረው ፋርማሲ ነው፤ በሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍም አልፋ አታውቅም። ነገር ግን በኮሌጆች የፍሪስቢ ውድድር ዳኛ የሚባል ነገር የለም። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ሰባት ለሰባት ይሰለፋል፣ የፕላስቲኳ ሰሀን ትበራለች፣ ጭቅጭቅ ሲነሣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተነጋግረው ይፈቱታል። በመነጋገሩ በኩል ደግሞ እሷን የሚችላት አልነበረም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከጀመረች ተጋጣሚዋ ጥፋቱን የሚያምነው አጥፍቶ ሳይሆን ውሃ ጠምቶት ነው እያሉ ይቀልዱባታል።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የቤታቸው የፊት ክፍል ሱቃቸው ነው። «እኔ ቤት ሰሀን ይታጠባል እንጂ አይወረወርም» ይላሉ። ይበሉ እንጂ የቡድኑን ማሊያ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ከተረፈው ቁርጥራጭም ሰማያዊ የእጅ ማሰሪያ ይሠራሉ።

ማሰሪያው ሥራ አለው። ከየጨዋታው በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ክብ ይሠራሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከተጋጣሚው መሀል በልጦ የታየውን አንድ ተጫዋች ይጠራል፣ ምክንያቱን ይናገራል፣ ማሰሪያ ያስርለታል። የዓመቱ ድንቅ ተጫዋቾች ዝርዝር የሚወጣውም ከእነዚህ ጥሪዎች ነው። የዚህኛው ቡድን ተናጋሪ ማን እንደሆነች መገመት አያስቸግርም።

አንድ ቅዳሜ ከወንዙ ማዶ ያለውን ኮሌጅ ገጠሙ። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ሰባት ቁጥር የለበሰ ልጅ አንድ ረዥም ውርወራ አሳድዶ፣ በደረቱ ሣሩ ላይ ተንሸራቶ፣ ሰሀኗን ነጥብ በሚያስቆጥረው መስመር ውስጥ ያዛት። ጓደኞቹ ጨፈሩ። ጠበቃዋ ከኋላው ትሮጥ ስለነበር ለክርክር አፏን ከፈተች፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያየችው ነገር አልነበረም። ልጁ ተነሣና እጁን አወጣ።

«መሬት ነክታለች» አለ።

«ማን አየ?» አለችው። ለራሷ ቡድን የሚበጀውን ቃል እንኳ ሳትከራከር ማለፍ አልሆነላትም።

«ማንም። እጄ ግን ያውቃል» አለና ሰሀኗን አቀበላት።

ጉንጩ ላይ ሣር ተለጥፏል። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ከሚገባው በላይ ቆዩ። ሰሀኗን እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች፤ ጓደኞቿ «ወርውሪ እንጂ» እያሉ ሲጮሁባት ነው የነቃችው።

የቀረውን ጨዋታ እንዴት እንደተጫወተች አታውቀውም። ልጁን ጓደኞቹ «ዝምተኛው» ብለው ሲጠሩት ሰምታለች፤ ሌላ የሰማችው የለም። ቡድኗ በአንድ ነጥብ አሸነፈ፤ ያቺ ነጥብ የማን እንደነበረች ልቧ ያውቀዋል።

ክቡ ተሠራ። የምትናገረው ሁሉ በውስጧ ተሰልፎ ነበር። መሀል ገብታ ስትቆም ግን ፊቷ ጋለ። ቀና ብላ ብታየው የልቧ ሁሉ ግንባሯ ላይ የሚነበብ መሰላት። እናም ሣሩን እያየች፣ ሌላ ጊዜ ሩብ ሰዓት የሚፈጅባትን ንግግር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

«ቁጥር ሰባት» አለች። «ምክንያቱን ራሱ ያውቃል።»

አንድ ክንድ ተዘረጋላት። ማሰሪያውን ስታስር ክንዱ ትንሽ የረዘመባት መሰላት። ቀና ስትል ፊት ለፊቷ የቆመው አምስት ነጥብ ያስቆጠረው ልጅ ነው፤ በቁመቱ የተነሣ «ቀውላላው» የሚሉት። ደረቱ ላይ ሰባት ቁጥር አለ። ምክንያቱንም አሳምሮ የሚያውቅ ይመስላል፤ ጥርሱ አልከደን ብሏል። ዝምተኛው ከዳር ቁጥር የሌለው ነጭ ካናቴራ ለብሶ፣ ዓይኑን ሣሩ ላይ ተክሎ ያጨበጭባል። ከሁሉም አስረዝሞ ያጨበጨበው እሱ ነው።

ስንቱን የማይረባ ነገር ተከራክራ የረታች ልጅ «አንተ አይደለህም» የምትል ሁለት ቃል አጥታ ቋጠሮውን አጠበቀች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የቀውላላው ነበሩ። ማሰሪያውን እንዳደረገ ክፍል ይገባል፣ ያገኘውን ሁሉ ለጠበቃዋ ሰላምታ ያሸክማል። ልጁ ክፉ ቢሆን በቀለላት፤ ግን ደግ ነው።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሱቁ መጋረጃ ኋላ የደንበኛ ሱሪ ስትተኩስ፣ ዝምተኛው መጣ። የሷ ቤት መሆኑን አላወቀም፤ ማሊያ የሚጠግን ሰፊ ጠይቆ ነው የመሩት። የያዘው ብብቱ የተተረተረ ማሊያ ነው፤ ቁጥር አሥራ አንድ። እናቷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ማሊያውንም ባለማሊያውንም ለኩ፤ ይህ ያንተ ልክ አይደለም አሉት። የጓደኛው መሆኑን ነገራቸው። ባለፈው ጨዋታ ዕረፍት ላይ ተተርትሮበት፣ የቡድኑ አስቆጣሪ ማሊያ አጥቶ እንዳይቀር የራሱን ሰባት ቁጥር አውልቆ ሰጥቶታል። ለዝምተኛው ይህን ያህል ማውራት ንግግር እንደማድረግ ነው። መቼ ይድረስልህ ሲሉት ከቅዳሜ በፊት አለ፤ ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። የቅየሳ ትምህርቱን ጨርሷል፤ እሑድ የሦስት ሰዓት መንገድ ተጉዞ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ይገባል።

ከመጋረጃው ኋላ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ መጣ። ተከትላም ጠበቃዋ ወጣች፤ የካውያ ቅርጽ የታተመበትን ሱሪ ይዛ።

«ቁጥርህን ሰጠኸው?» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

«ላንድ አጋማሽ ነው» አለ ደንግጦ። ከዚያም ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ደስ ብሎታል። ማሰሪያውን ሲታጠብም አያወልቀውም።»

«አንተስ?»

የስፌት መኪናው ጎማ ቆመ፤ እናቷ ክር የበጠሱ መስለው ጆሯቸውን አቅንተዋል።

«እኔማ የማይሆን ነገር ጠብቄ ነበር» አለ በመጨረሻ፤ እናቷን እጅ ነሥቶ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ጠበቃዋ ያልተሰፉ ልብሶች ክምር ላይ ተዘረፈጠች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የሣሩን፣ የክንዱን፣ የጭብጨባውን።

«ወደድሽው?» አሏት።

«ወደድኩት፣ እማዬ።»

«ታዲያ እንዳትናገሪ ምን ይዞሽ ነው? ለእንጀራሽ እንጂ ለምላስሽማ አስቤ አላውቅም ነበር።»

ቀውላላው በሰው ፊት ያፍርብኛል አለች። ደግሞ ዝምተኛው ቢስቅባትስ።

«እኔ እጅጌ አዛብቼ የሰፋሁ እንደሆነ፣ ሰውዬው ለብሶት ደስ ቢለውም አስወልቄ እፈታዋለሁ» አሉ እናቷ። «ስህተቱ የኔ ነዋ። የሱሪውን መቃጠል ደግሞ ለባለቤቱ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ከነዚያው ልጆች ጋር ነበር። ዝምተኛው ሰባት ቁጥሩን ለብሷል፤ ቀውላላው የተጠገነውን አሥራ አንድ። ጠበቃዋ ሙሉ ጨዋታውን አንድ ክርክር ሳታነሣ በመጨረሷ አሞሻል ወይ ብለው ጠየቋት። ተሸነፉ። ክቡ ተሠራ። የዓመቱ ዝርዝር ዛሬ ይዘጋል፣ እሱ ነገ ይሄዳል። ጠበቃዋ መሀል ገባችና ጥፋቱን እንደሚያምን ተጫዋች እጇን አወጣች።

«ጥፋት አለብኝ» አለች።

ክቡ ሳቀ። ጠበቃዋ ጥፋት ስታምን ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«ባለፈው ቁጥር ሰባት ያልኩት ሣሩን እያየሁ ነው። የጠራሁት በመጀመሪያው አጋማሽ ሰባት ለብሶ የነበረውን ነው። ማንም ያላየውን ራሱ ተናግሮ ነጥቡን ለቀቀልን።» ድምጿ ቀጠነ፤ ግን አላቆመችም። «ሣሩን ያየሁት ደግሞ እሱን ካየሁት እንደወደድኩት ታውቁብኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ይኸው፣ አሁን አየሁት።»

አየችውም።

ቀውላላው ክንዱን ተመለከተ፣ ጓደኛውን ተመለከተ። «እኔ ደግሞ ለአምስቱ ነጥብ መስሎኝ» አለና ከሁሉም ቀድሞ ሳቀ። ማሰሪያውን ፈትቶ በገዛ እጁ የዝምተኛው ክንድ ላይ አሰረው። ሲታጠብበት ስለከረመ ሰማያዊነቱ ፈዟል።

ዝምተኛው እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ሁሉም የሚለውን ጠበቁ።

«ያን ቀን እኔም ሣሩን ነበር የማየው» አላት።

የዓመቱ ድንቅ ተጫዋቾች ዝርዝር ሲለጠፍ ሁለቱም ልጆች ነበሩበት፤ ቀውላላው ሌሎች ቡድኖች ለነጥቦቹ ጠርተውት ነው። በዝምተኛው ስም ትይዩ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ፣ የውድድሩ ጸሐፊ የመጣለትን ቃል እንዳለ ገልብጦታል፦ «ራሱ ያውቃል»።

እሑድ ወደ ሥራ ቦታው ሄደ። በሳምንቱ ቅዳሜ ግን በሱቁ በር ላይ ነበር፤ ሰባት ቁጥሩ ትከሻው ላይ ተተርትሮበታል። እናቷ ሰፉለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብብቱ ተተረተረ፤ ሰፉለት። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠርዙ የተተረተረውን ይዞ ሲመጣ ማሊያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉትና መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይኼ ተቀዶ ነው ወይስ በመቀስ ፈትተኸው?»

ዝምተኛው ብዙ ነገር ይችላል፤ መዋሸት ግን አይችልም። ቀስ ብሎ እጁን አወጣ።

«ፈትቼው ነው፣ እትዬ።»

«ሦስት ሰዓት ተጉዘህ የምታስጠግነውን ደኅና ማሊያ ምን አስፈታህ?»

ከመጋረጃው ኋላ የካውያው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ምክንያቱን ልጅዎ ታውቃለች» አለ።

እናቷ መርፌያቸው ላይ ክር እያስገቡ፣ ጠበቃ ተብላ ከመጋረጃ ኋላ መደበቅ አያምርባትም፣ ትውጣና ትንገረኝ አሉ። ጠበቃዋ እየሳቀች ወጣች። በዚህኛው ጊዜ ግን መጀመሪያ ካውያውን ነቅላ ነው።