ጥቁር የሌለበት ስክሪን

የመጋዘኑ ዕቃ ቆጣሪ የነበሩት ሽማግሌ አስከሬን ተነስቷል፤ ምሰሶው ሥር የወደቀውን መነጽራቸውን ግን ማንም አላነሳውም። ኢንጂነሩ ወደዚያ ላለማየት አንገቱን ደፍቷል። ሽማግሌውን የገጨውን ፎርክሊፍት የሚነዳው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ የፎርክሊፍቱን ካሜራዎች የገጠመው ደግሞ ኢንጂነሩ ራሱ።

ጭነቱ ሹፌሩን ፊት ለፊቱን ስለሚጋርደው የሚነዳው ስክሪን እያየ ነው። ኮምፒውተሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ካሜራዎች ያዩትን አስተያይቶ ርቀቱን በቀለም ያሳያል፦ ቅርቡ ቀይ፣ ሩቁ ሰማያዊ። አንዱ ካሜራ አይቶት ሌላው ያላየው ቦታ ርቀቱ ስለማይታወቅ ጥቁር ነው። ጥቁር ያየ ሹፌር ይቆማል።

«ሰማያዊ ነበር፤ እናቴ ትሙት!» አለ ወንድሙ።

የማለባት እናት የሁለቱም ናት።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችው የፖሊስ መርማሪዋ።

ኢንጂነሩ ስክሪኑን አበራ። ከምሰሶው ጎን ጥቁር ሰንበር ታየ። «ያው... እንደሚያዩት ነው» አለ። ፖሊሱ የወንድሙን እጅ በካቴና አሰረ።

መርማሪዋ ወደ መጋዘን ኃላፊው ዞረች። «ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ?»

«ቆጠራው ዘገየ ብዬ ጮህኩ እንጂ ሰው እገድላለሁ እንዴ! እንግዶች መጥተውልን በደስታ ነው የዋልኩት። ይኸው ፎቶው!» አሉ ስልካቸውን እያቀበሏት።

ፎቶውን ብዙ አየችው። ከዚያ ካሜራዎቹ አጠገብ ቆማ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ዓይኗን ጨፈነች። በመጨረሻም ሁሉንም ጠራቻቸው።

«እናንተም እንደኔ ሞክሩት። ከምሰሶው ጎን በግራ ዓይን የምታዩት ቦታ ለቀኙ ይሸፈናል። ስለዚህ ስክሪኑ እዚያ ላይ ምንጊዜም ጥቁር ሊኖረው ይገባል። ዛሬ አለው። በትናንቱ ፎቶ ግን ፎርክሊፍቱ እዚሁ፣ ከዚሁ ምሰሶ ፊት ቆሞ፣ ስክሪኑ ላይ ጥቁር የሚባል የለም! አንድ ሰው ጥቁሩን ከኋላ ባለው ሰማያዊ ሞልቶታል። ሽማግሌው የቆሙት እዚያ ነበር። ከሞቱ በኋላ ደግሞ ያው ሰው ወደ ነበረበት መልሶታል። ሹፌሩ መንዳት እንጂ ይህን አያውቅም። ኃላፊውማ የስልካቸውን ድምፅ ለመቀነስ እንኳ ሰው ይጠራሉ።»

የቀረው አንድ ሰው ነበር። ኢንጂነሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«ስክሪኑ በጥቁሩ ምክንያት የተበሳሳ ጨርቅ መሰለ... እንግዶቹ ፊት አፈርኩበት» አለ። «ለታይታ ብዬ ነው። ለወንድሜም አልነገርኩትም።»

ካቴናው ተፈታ። ወንድሙ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን መነጽር አነሳና በሸሚዙ ጠረገው።

«ጋሼ» አለ ቀና ሳይል፣ «በእማዬ ስምል እውነቴን እንደሆነ ታውቅ ነበር።»

ኢንጂነሩ ማንም ሳያዘው ሁለት እጁን ዘረጋ። ካቴናው ገና ከወንድሙ እጅ ሙቀት አልበረደም ነበር።