ስምንቱም ጤነኞች

አባ ሰረዝ ከፖሊስ ጣቢያው ሦስተኛ ፎቅ ወድቆ የሞተው በምሳ ሰዓት ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ በግቢው ሲሚንቶ ላይ በአንሶላ ተሸፍኖ ነበር፤ አንድ ጫማው ወልቆ ከግንቡ ሥር ለብቻው ወድቋል። አጠገቡ ተንበርክካ ጥቂት ቆየች። አላለቀሰችም። ለማልቀስም ቢሆን አጠገብ ሰው ያስፈልጋል።

ሽማግሌው የጣቢያው መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ፖሊሶቹ ናቸው፤ የሰው ቃል ጽፎ ሲጨርስ፣ ከታች የተረፈውን ባዶ ቦታ ማንም እንዳይጨምርበት በረጅም ሰረዝ ይዘጋዋልና። ይህ የፖሊስ ሁሉ ደንብ ነው። እሱ ግን የገበያ ዝርዝር ሲጽፍ እንኳ ሰረዙን አይረሳም እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ለመርማሪዋ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ሠርታ፣ የፖሊስን ጥፋት ወደሚመረምረው አዲሱ የሕዝብ ቦርድ ባለፈው ዓመት ስትዛወር የጣቢያው ሰው ሁሉ ሰላምታ ነፈጋት። የቦርዱ ሰዎችም «አንዴ ፖሊስ የሆነ…» እያሉ በጎን ያዩዋታል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆና፣ ሁለት ወንበር ባለው ቢሮዋ አንዱ ላይ ተቀምጣ አንዱ ላይ ፋይል ቆልላ ትውላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደውልላት አባ ሰረዝ ብቻ ነበር። «ደኅና ነሽ?» ይላታል፤ «ደኅና» ስትለው ይዘጋል። የሳምንቷ ጨዋታ ይኸው ነበር።

አዛዡ ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ጠበቃት። በአንድ ዘመን አብረው የሠለጠኑ ናቸው።

«በከንቱ ደከምሽ» አላት። «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ራሱን አጥፍቷል፤ ወረቀትም ትቷል።»

ወረቀቱ በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጽሑፉ የሽማግሌው የራሱ እጅ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ከሁለት ዓመት በፊት በጣቢያችን ታስሮ ሳለ ታሞ የሞተው ወጣት ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ኖሯል። በጉብኝት መዝገቡ ላይ በተፈጸመው ጥፋት እጄ አለበት። ከእንግዲህ እንዲህ ሆኜ መኖር አልችልም።»

«ዛሬ ከሰዓት ለቦርዳችሁ ቃሉን ሊሰጥ ነበር» አለ አዛዡ። «ፈራ፤ አለቀ።»

«ቃሉን የሚቀበለው ማን ነበር?»

«የሕግ ባለሙያችሁ። ታች ተቀምጧል። ሲደርስ ያገኘው ሬሳ ነው።»

መርማሪዋ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። ጥጉ ላይ ያረፈው ማህተም ሐምራዊ ቀለም ጠጥቷል፤ አባ ሰረዝ ለማህተም ቀለም የሚሰስት ሰው አልነበረም። በጣቷ ጫፍ ነካ ስታደርገው ጣቷ ሐምራዊ ሆነ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ከተከመረው ባዶ ወረቀት አንዱን አንስታ ጎን ለጎን አስተያየቻቸው። የሟቹ ወረቀት ከታች በኩል በሁለት ጣት ያህል ያጥራል፤ ጠርዙም ተወላግዷል።

«ከመሞቱ በፊት ወደዚህ ማን ወጣ?»

«ማንም። ተረኛውን ጠይቂው። እኔ ቢሮዬ ስልክ ላይ ነበርኩ።» ቀጥሎም «ገዳዩ እኔ ብሆን ደስ ይልሽ ነበር» አላት።

«አልዋሽህም፣ ይቀለኝ ነበር» አለችው።

ተረኛው ሳጅን በሩ ላይ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። «ዝንብ አላለፈችም፣ ኢንስፔክተር» አላት። በድሮ ማዕረጓ መጥራቱን ገና አልተወም።

«ፀጉርህ ላይ ያለው ምንድነው?»

እጁን ሰደደ። ግራጫ የሱፍ ብናኝ ነበር።

«የተረኞች ማረፊያዋ ብርድ ልብስ ናት» አለችው። «እኔም ሃያ ዓመት ተኝቼባታለሁ፤ ሰውን ሳታጋልጥ አትለቅም።»

ሳጅኑ አንገቱን ደፋ። «ሃያ ደቂቃ ብትሆን ነው። የቀሰቀሰኝ ጩኸቱ ነው። በአዲሱ ደንብ ወንበሩን ጥሎ የተገኘ ይባረራል። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ኢንስፔክተር።»

«ስለዚህ በሩ ሰው አልነበረበትም።»

«አልነበረበትም።»

የሕግ ባለሙያው በእንግዳ መቀበያው ውስጥ ማህደሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት። ቦርዱ ከመቋቋሙ በፊት ዐቃቤ ሕግ ነበር። አሁን ግን ፖሊስ ለሕዝብ ተጠሪ እንዲሆን ከእሱ አብልጦ የሚናገር የለም፤ የአዲሱን ደንብ ረቂቅ የጻፈውም እሱ ነው።

«ያሳዝናል» አለ። «ግን ምን ይላሉ፣ መዝገብ ከጣቢያ እያወጣ ቢሮ ለቢሮ ሲያዞር የኖረ ሰው፣ መጠየቅ ሲመጣ የሚገባበት አያጣም?»

«ወረቀቱን አነበቡት?»

«አዛዡ ናቸው አሁን ያነበቡልኝ። እኔ ስደርስ ሰው ተሰብስቦ ነበር።»

«ምስክር የሚሰማው ሁለት ሰው ሆኖ ነው ብለው ያረቀቁት እርስዎ ነዎት። ለምን ብቻዎን መጡ?»

«ሽማግሌው ሰው ሲበዛ እንዳይደናገጥ ብዬ።»

ስትወጣ የሟቹ ልጅ ግቢው ውስጥ ቆማ አገኘቻት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራዋ ስትሮጥ መጥታ የልኬት ሜትሩ እንኳ ከአንገቷ አልወረደም። የአባቷን ጫማ ይዛለች።

«እትዬ፣ አባቴ ራሱን አጥፍቷል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ሳይመሽ እነግርሻለሁ፣ ልጄ። ደስ የማይል ቢሆንም አልደብቅሽም።»

ይህን ብላ ወደ መዝገብ ቤቱ ተመለሰች። ወጣቱ በሞተበት ሳምንት የነበረው የጉብኝት መዝገብ ጠፋ ከተባለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በሣጥን ውስጥ ተፈልጓል፤ አዛዡ ጣሪያውን ሳይቀር አስከፍቷል። መርማሪዋ በቀጥታ ወደ ዓመቱ መደርደሪያ ሄዳ ቁጥሩን አየች። መዝገቡ በቦታው አለ። ግራና ቀኙ ያሉት አቧራ ለብሰዋል፣ እሱ ብቻ ንጹሕ ነው። ሽማግሌው ሁለት ዓመት ቤቱ ደብቆት ኖሮ፣ ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዱ ወደ ቦታው መልሶታል ማለት ነው። የጠፋ መዝገብ በገዛ ቦታው ላይ የሚፈልግ ሰው ደግሞ የለም።

ገለጠችው። ዐቃቤ ሕጉ ሰኞና ሐሙስ የእስረኞቹን ክፍል እየዞረ የሚሞላው ገጽ ነው። ሰኞ፦ «ስምንት እስረኞች ተጎብኝተዋል፤ ስምንቱም ጤነኞች።» ሐሙስ፦ «ስምንት እስረኞች ተጎብኝተዋል፤ ስምንቱም ጤነኞች።» ወጣቱ የሞተው ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ነው። ሐሙስ የነበሩት እስረኞች ሰባት ናቸው።

ከሥር ሦስት ፊርማ አለ። የመጀመሪያው የዐቃቤ ሕጉ፣ ሁለተኛው የአባ ሰረዝ ነው። ሦስተኛው የሳምንቱ መርማሪ ነው፤ የራሷ ፊርማ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያ ሰኞ ትዝ አላት። ስልክ ጆሮዋ ላይ ነበር፤ አባ ሰረዝ መዝገቡን ዘርግቶ በጣቱ ሲያመለክታት፣ የሐሙሱንም የሰኞውንም አንድ ላይ ፈርማ ወደ ወሬዋ ተመለሰች። ወደ ክፍሉ አልወረደችም። ልጁ ከእሑድ ጀምሮ ሲያቃስት ነበር፤ አንድ ሰው ወርዶ ቢያየው ኖሮ ሆስፒታል ይደርስ ነበር። አንዲት ገጽ ናት፤ ብትቀድዳት ማን ያያል? ይህን ማሰቧ አሳፈራት። ባዶ ክፍል ውስጥ ቢሆንም ፊቷ ጋለ፤ እጇም ለረጅም ጊዜ ከመዝገቡ ላይ አልተነሣም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም በአዛዡ የስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው፦ አዛዡን፣ ሳጅኑን፣ የሕግ ባለሙያውንና የሟቹን ልጅ።

«በወረቀቱ እንጀምር» አለች። «ሳጅን፣ የሰው ቃል ጽፈህ ስትጨርስ ከታች ምን ታደርጋለህ?»

«በሰረዝ ዘግቼ አስፈርማለሁ።»

«ካላለቀስ?»

«ከሥሩ ‹ወደ ገጽ ሁለት ዞሯል› ብዬ እቀጥላለሁ።»

«ይኸው የአባ ሰረዝ ወረቀት፤ ሰረዝ የለውም። ሠላሳ ዓመት ያልረሳውን ዛሬ አልረሳም። አልጨረሰም ነበር ማለት ነው። ‹ወደ ገጽ ሁለት ዞሯል› የሚለው ደግሞ ከታች በመቀስ ተቆርጧል፤ ቁመቱ ከሌሎቹ በሁለት ጣት ያንሳል። ይህ የሚሞት ሰው ስንብት አይደለም። ለቦርዱ የጻፈው ምስክርነት የመጀመሪያ ገጽ ነው። ‹እንዲህ ሆኜ መኖር አልችልም› ያለው፣ ቀጥሎ እውነቱን ሊያወጣ ነው።»

የሟቹ ልጅ ጫማውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ይህን የሠራ ፖሊስ ቢሆን ኖሮ» ስትል ቀጠለች፣ «አንዲት ሰረዝ ማስመር ምን ያቅተዋል? እጁ ራሱ ያሰምራታል። የሰረዙን ደንብ አስፈላጊነት የማያውቅ፣ ቃል በእጁ ጽፎ የማያውቅ ሰው ነው። በምሳ ሰዓት በሩ ሰው እንዳልነበረበት ሳጅኑ ነግሮኛል። ይህን መናገሩ እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል፤ ቢሆንም ነግሮኛል።»

የሕግ ባለሙያው ፈገግ አለ። «ነገሩ ወደ እኔ እየመጣ ነው መሰለኝ።»

«መዝገቡ ከጣቢያ ወጥቶ ቢሮ ለቢሮ ይዞር እንደነበር እርስዎ ነገሩኝ። ወረቀቱ ላይ ግን እንዲህ የሚል የለም። ይህን የሚያውቀው ገጽ ሁለትን ያነበበ ወይም መዝገቡ ቢሮው ድረስ የሄደለት ሰው ነው። እርስዎ፣ ያን ጊዜ ይህን ጣቢያ ይጎበኙ የነበሩት ዐቃቤ ሕግ፣ ሁለቱንም ነዎት። እባክዎ ማህደርዎን ይክፈቱ።»

አልከፈተም። የከፈተው አዛዡ ነው። ከላይ የአዲሱ ደንብ ረቂቅ ነበር፤ ገልብጦ ሲያየው በጀርባው ላይ በመስተዋት እንደሚታይ ፊደሉ የተገለበጠ ክብ ሐምራዊ ማህተም ታትሞበታል። ገና ያልደረቀው የገጽ ሁለት ማህተም ነው የለቀቀበት።

«እሳት ካየው ምን ለየው» አለ አዛዡ በምሬት። «እኛን ሊቆጣጠሩን የመጡት እነዚህ ናቸው?»

የሕግ ባለሙያው አዛዡን አላየውም። ዓይኑ መርማሪዋ ላይ ነበር። «ገጽ ሁለት የለም። አንድ ማህተም ምን ያወራል? መዝገቡ እንዴት እንደተፈረመ የሚመሰክር አንድም ሰው የለም። ቢኖርም አብሮኝ ይወድቃል፤ ይህን አይርሱ።»

መርማሪዋ መዝገቡን ከፍታ ጠረጴዛው መሐል አኖረችው።

«አለ» አለች። «ሦስተኛው ፊርማ የኔ ነው። የሐሙሱን ሰኞ ነው የፈረምነው። እሳቸው ቢሯቸው ተቀምጠው ፈረሙ፣ ከዚያ አባ ሰረዝ ለኔ አመጣው፤ የእሳቸው ፊርማ ቀድሞ ነበር። ማናችንም ወርደን ልጁን አላየነውም። ይህን በጽሑፍ እሰጣለሁ።»

የሕግ ባለሙያው ከወንበሩ አልተነሣም። ትከሻው ግን ወረደ። «ልገድለው አልመጣሁም» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ወረቀቱን ስነጥቀው አልለቅም አለኝ። ገፋሁት። ከበረንዳው…»

ሳጅኑ ይዞት ወጣ። አዛዡ መስኮቱ ጋ ቆሞ ቆየና «ዝም ብትዪ ማንም አያውቅም ነበር» አላት። ይህን ብሎ ወጣ።

የሟቹ ልጅ ብቻ ቀረች። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ብዬ አባቴን ንጹሕ አድርጌው ነበር» አለች። «እሱም አለበት ማለት ነው።»

«አለበት። ግን ሊናገር ተነሥቶ ነበር፤ ከኔ ቀድሞ።»

«ልጁ እናት አለችው?»

«አለችው። ነገ ጠዋት ሄጄ እነግራታለሁ።»

አብሬሽ ልሂድ ትላት እንደሆነ ጠበቀች። ልጅቷ ግን ጫማውን በመሐረብ ጠቅልላ ወጣች። አልፈረደችባትም።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ በጠባቡ ደረጃ አራተኛ ፎቅ ወጥታ አንኳኳች። የከፈተችው ሴት እጇ የሳሙና አረፋ ነበር፤ ልብስ እያጠበች ነው።

«ስለ ልጅዎ ነው የመጣሁት» አለች መርማሪዋ። «ጤነኛ ነው ብዬ ፈርሜ ነበር። አላየሁትም ነበር።»

ሴቲቱ ቀና ብላ አየቻት። አረፋው ከጣቶቿ ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል።

«ብቻሽን ነው የመጣሽው?»

«ብቻዬን ነው።»

«እሱም ብቻውን ነበር» አለች እናቲቱ። በሩን ግን አልዘጋችውም።