እፍኝ ጠላ

ደርግ በወደቀ በሰባተኛው ዓመት፣ የላሊበላው ባንክ ሥራ አስኪያጅ አቶ ምስጋኑ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ራስጌያቸው የስሜነሽ የጠላ ማሰሮ ነበር። ሳጅን አዳም ጠላ ሻጯን ስሜነሽን አሰራት። ሰበብም አላጣም፤ ሟቹ በጦርነቱ ጊዜ የኬሚስትሪ ሊቅ እንደነበሩ፣ የቀመሙት የቦምብ እሳት የስሜነሽን ወንድም እንደፈጀው በዚያው ሰሞን ገበያው ሁሉ ሲያወራ ነበር።

«ልጄ ሰው አትመርዝም» አሉ እናቷ ወይዘሮ አልጣሽ፣ ምርኩዛቸውን በሟች ደጃፍ ተክለው። «ብትጠላው ፊት ለፊት ትሰድበዋለች። የኔ ልጅ ናት።»

«እመይቴ፣ ምርመራው የመንግሥት ነው» አለ ሳጅኑ።

«መንግሥት ጠላ ጠምቆ ያውቃል?»

ሳይፈቀድላቸው ገቡ። ፊደል አይቆጥሩም፤ ሰው ግን ያነባሉ። ማሰሮውን አሸተቱ። የሟችን እጅ ገልጠው በቃጠሎ የተጨማደዱትን ጣቶች ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረና ቶሎ ሸፈኑት። ሚስትየዋ ኤልሳቤጥ ጥግ ቆማ ብብቷን ትዳብሳለች።

ወደ ዘበኛው ወደ ጋሻዬ ዞሩ። «ማሰሮውን ማን ተቀበለ?»

«እኔ፣ እማማ። እንዳለ ለእትዬ ኤልሳቤጥ ሰጠሁ።»

«ሳትጎነጭ?»

«እትዬ እያዩኝ?»

ከዚያ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰቧቸው፤ ቄስ ገብረ ሊባኖስንም፣ እጇ የታሰረችውን ስሜነሽንም።

«አንቺ ልጅ፣ ለባልሽ የቀዳሽለት ራስሽ ነሽ?» አሉ ኤልሳቤጥን።

«አዎ፣ ጠጥተው ሞቱ።»

«እንዲያው ሳትቀምሽ ሰጠሽው? ያሳደገሽ የለም?»

የኤልሳቤጥ ፊት ፍም መሰለ። ቄስ ባለበት ባለጌ መባል! «ምን በወጣኝ! ዋንጫውን ፊታቸው አለቅልቄ፣ ከማሰሮው በእፍኜ ቀምሼ ነው የሰጠኋቸው!»

«ታዲያ አንቺ እንዴት ተረፍሽ?»

ወዲያው ወደ ሳጅኑ ዞሩ።

«ስማ፣ ሳጅን። መርዙ ማሰሮው ውስጥ ቢሆን ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበረን። ዋንጫውም ታጥቧል። እዚህ ቤት መርዝ መቀመም የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሞቷል። ራሱን ያጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለውም። ስለዚህ ለባሏ ገዳይ ፈለገችለት። አንቺ፣ ከጠዋት ጀምሮ የምትዳብሺውን አውጪው!»

ኤልሳቤጥ እያለቀሰች ትንሽ ብልቃጥና የተጣጠፈ ወረቀት አወጣች። «እንደ ውሻ እንዳይቀበሩብኝ ብዬ ነው...»

ቄሱ አነበቡት። «‹እማማ አልጣሽ እውነታቸውን ነው። ይህን እጅ ይዤ አልኖርም።›»

ሁሉም ወደ አሮጊቷ ዞረ።

«ባለፈው ቅዳሜ እግሬ ላይ ወድቆ ነገረኝ» አሉ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ጥለው። «ማንም አላወቀበትም ነበር። ማሩኝ አለኝ። እኔ ግን ‹ልጄን የፈጀህበትን እጅ ይዘህ እንዴት ትኖራለህ?› አልኩት። አልበቃ ብሎኝ ገበያ ወጥቼ አዋረድኩት።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። «ፍትሐቱ እንግዲህ...»

«ይፍቱት፣ አባ። ሰው ገፍቶ የጣለው ራሱ ወደቀ አይባልም።»

ሳጅኑ የስሜነሽን ገመድ ፈታ። ወይዘሮ አልጣሽ ሁለት እጃቸውን አጣምረው ዘረጉለት። ማንም አላሰራቸውም። ልጃቸውም እንኳ ቀና ብላ አላየቻቸውም።