የጨረቃዋ ድምፅ

መዝሙሩ ሲጀመር የቀጮ አፍ ዝግ ነበር።

በትምህርት ቤቱ ቴአትር ልምምድ ጨረቃን ሆና የምትጫወተው እሷ ናት። ቲቸር መግቢያውን በፒያኖ ተጫውተው ጨርሰዋል፤ ቀጮ ትንፋሽ እየሳበች ሳለ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ሰው ቀደማት።

«እህቴ ሆይ፣ ስትሄጂ እመጣለሁ፤
በተውሽው መንገድ እበራለሁ...»

የልጅ ድምፅ አልነበረም። የትልቅ ሴት ድምፅ ነው፤ ወፈር፣ ረጋ ያለ። ኮከብ የሆኑት የአንደኛ ክፍል ሕፃናት እርስ በርስ ተቃቀፉ፤ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ቲቸር እጃቸውን ከፒያኖው አነሱ። ድምፁ ጥቂት ብቻውን ቀጠለና ጸጥ አለ።

«ማናት?» አሉ ቲቸር። በአዳራሹ ከእሳቸው ሌላ ትልቅ ሰው አልነበረም።

ቴአትሩ ለትንንሾቹ የተዘጋጀ ተረት ነው። ፀሐይና ጨረቃ ተኳርፈው የተለያዩ እህትማማቾች ናቸው፤ አንዷ ስትጣራ ሌላዋ ሁልጊዜ ዘግይታ ትመልሳለች። ለጨረቃነት መጀመሪያ የተመረጠችው የቀጮ ጓደኛ ነበረች፤ ድምፅዋ ስለሚያምር «ደወል» ይሏታል። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ጉሮሮዬ ተዘጋ አለች። ከዚያ ወዲህ ደብተር ላይ እየጻፈች ነው የምታወራው፤ ሥራዋም አልባሳት መጠበቅ ሆኗል። ቦታው ለቀጮ ሲደርስ እናቷ በደስታ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጋበዘች።

ቀጮ መጋረጃውን ገልጣ ወደ አልባሳት ክፍሉ ገባች። እኩለ ቀን ቢሆንም መስኮቱ በካርቶን ስለተሸፈነ ይጨልማል። ደወል የጨረቃን ጭምብል አጥልቃ መስታወት ፊት ቆማለች። ከጭምብሉ ሥር ያ ድምፅ በቀስታ ያንጎራጉራል።

«ደወል?»

ጭምብሉ ዞረ። ቀጮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ጉሮሮሽ ዳነ እንዴ?»

ደወል ጭምብሉን አወለቀች። ፊቷ በላብ ርሷል። «ታምሞም አያውቅ።»

«ዋሸሽኝ? እኔን?»

«ስሚኝማ። ድምፄ ተለወጠ። ቤት ስለማመድ አባዬ ከክፍሉ እየሮጠ ወጣ። በእማዬ ስም ጠራኝ። ቤቱን ሁሉ ፈለጋት... ቁም ሳጥን ሳይቀር ከፍቶ።»

የደወል እናት ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል።

«ከዚያ እኔን ሲያየኝ ገብቶ በሩን ዘጋ። እስከ ዛሬ ዓይኔን አያይም። ዛሬ ሳላስበው አመለጠኝ። በሞቴ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ጨረቃዋ አንቺው ነሽ።»

ቀጮ ዝም ብትል ቦታው የእሷ ነው።

«ቀጮ! አንቺ ነሽ የዘፈንሽው?» ቲቸር ከመድረኩ ተጣሩ። ደወል የቀጮን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«ነገ እነግርዎታለሁ፣ ቲቸር!» አለች ቀጮ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባትሽ ቤት ናቸው?»

«የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

«እንግዲያው አብሬሽ እመጣለሁ። ደጃፋቸው ላይ ትዘፍኝላቸዋለሽ።»

የደወል አባት ቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። የክፍላቸው በር ዝግ ነው፤ ከውስጥ ስንትና ስንት ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አንዱም ከሌላው አይገጥምም። ደወል ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ቀጮ እጇን ያዘቻት።

ደወል ዘፈነች።

ድምፁ ቤቱን ሲሞላው ቀጮ ሳታስበው ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ማንም የለም። ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። እርምጃ ወደ በሩ መጣና ቆመ።

«አንቺ ነሽ?»

ደወል መዝሙሩን አቋረጠች። «እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ያን ቀንም ወዲያው አውቄ ነበር።» በሩ አልተከፈተም። «አፈርኩ እንጂ። በይ ቀጥዪ፤ አታቋርጪው።»

ቀጮ የጓደኛዋን እጅ ለቀቀች። ዘመድ ሁሉ ለጋበዘችው እናቷ ምን እንደምትላት እያሰበች፣ በእግሯ ጣት እየረገጠች ደረጃውን ወረደች። ነገ ጠዋት ቲቸርን መጋረጃ የሚስብ ሰው ያስፈልጋቸው እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች።