ከቀኝ ትከሻ የወረደ ሰንበር

ልጅቷን አስፋልት ዳር ሞታ ሲያገኟት የልብስ መለኪያ ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ሱቋን ዘግታ ወደ አባቷ ቤት ስትሄድ ነው የተገጨችው። መኪናው እሷን ጥሎ ከግንብ ጋር ተላተመ፤ ከዚያ እብስ አለ።

አንዲት ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብላ ታርጋውን ከኋላ ባታነበው ኖሮ ደመ ከልብ ሆና ቀርታ ነበር።

መርማሪዋ ታርጋውን ይዛ ባለመኪናው ቤት ስትደርስ፣ የመኪናው አፍንጫ ተጨፍልቋል፤ ሰውየው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ይጠጣል። ትንፋሹ ተለካ። ሰክሯል።

"እኔ ነኝ የነዳሁት" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ነገሩ ያለቀ መሰለ። በማግስቱ ግን ጠበቃው መጣ። ጠበቃው የተጠርጣሪው ታላቅ ወንድም ነው። በከተማው ጠጥቶ ነድቶ የተያዘ ሁሉ ደጅ የሚጠናው እሱን ነው። ፖሊሶቹ "ሰካራም ይረከባል፣ ጨዋ አድርጎ ያስረክባል" ይሉታል።

ቦርሳውን በቀኝ እጁ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ግራ ክንዱን ከጎኑ አላላቀቀም።

"ብርድ መትቶኛል" አለና ፈገግ አለ። "ወደ ጉዳዩ እንግባ። ደንበኛዬ ሲነዳ ጠብታ አልቀመሰም። የጠጣው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሰው ሳሎኑ ውስጥ መጠጣት ወንጀል ነው እንዴ?"

"ገጭቶ መሸሽስ?"

"እሱን አምኗል፤ ይቀጣበታል። ሰክሮ ገደለ ማለት ግን ሌላ ነው። የዓመታት ልዩነት አለው፤ እርስዎም ያውቁታል።"

ታውቃለች። ደሟን ያፈላውም ይኸው ነው። ስንቱ ነፍሰ ገዳይ በዚህ ምላስ እየታጠበ ወጥቷል!

ከጣቢያው በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር የሟች አባት አይጠፉም። የልጃቸውን ሜትር ጠቅልለው በመዳፋቸው ይዘዋል። ስለ ቅጣት አንድም ቀን አልጠየቁም።

"ልጄ፣ ወዲያው ነው የሞተችው? ወይስ ቆየች?" ይሏታል።

"አላወቅንም፣ አባባ" ትላለች። ገብታ በሯን ትዘጋለች።

'ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚዋሸው፤ ከመንዳቱ በፊት ጠጥቷል' ብላ ስለ ተጠርጣሪው ደመደመች። በዚያን ቀን የዋለበትን ምግብ ቤት አፈላልጋ ፎቶውን ለአስተናጋጁ አሳየችው።

"እኚህ? እኚህማ ለስላሳ ብቻ ነው የጠጡት" አለ አስተናጋጁ እየሳቀ። "እንዲያውም 'ጡጦ እናምጣልዎ?' ብለን ቀልደንባቸዋል።"

እሳት ጎርሳ ወጣች። ጠበቃው እውነቱን ነው! ከንዴቷ ብዛት ሰውየው ከማን ጋር እንደነበር እንኳ አልጠየቀችም።

የቀራት አንድ ምርመራ ነበር። ወንድማማቾቹን ፊት ለፊቷ አስቀመጠች።

"ለምን ጠጣህ?"

ታናሽየው አንገቱን ደፋ።

"ለስላሳ የምትጠጣ ሰው ነህ። በዚያን ቀን ምን አስጠጣህ?"

ታናሽየው ወደ ወንድሙ ዞሮ አየ።

ጠበቃው ጣልቃ ገባ። "ሕመሙ ነዋ! ደረቱ ተጎድቶ ነበር። ሸሚዝህን ክፈትና አሳያት።"

"ጋሼ፣ ይቅር..."

"ክፈት አልኩህ!"

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነው። ጠበቃው ደንበኛ በያዘ ቁጥር ቁስል ያሳያል፤ ቁስል ያየ ዳኛ አንጀቱ ይራራል ባይ ነው። ዛሬም ሳያስብ ልማዱ ቀደመው።

ታናሽየው ቁልፎቹን ፈታ። ደረቱ ላይ የመኪና ቀበቶ ያወጣው የበለዘ ሰንበር አለ። ከቀኝ ትከሻው ተነስቶ ወደ ግራ ጎኑ ይወርዳል።

መርማሪዋ ትክ ብላ አየችው።

"የመኪናህ መሪ በየት በኩል ነው?"

"በግራ።"

"የሹፌር ቀበቶ ከየትኛው ትከሻ ይወርዳል?"

ጠበቃው ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ፣ በአንድ እጁ።

"ከግራ ትከሻ" አለች። "ያንተ ከቀኝ ነው። አንተ መሪ አልያዝክም፤ ጎን ነው የተቀመጥከው።" ወደ ጠበቃው ዞረች። "እርስዎንስ፣ ብርዱ የመታዎት የትኛውን ትከሻ ነው?"

"እኔን የመፈተሽ መብት የለሽም!" 'እርስዎ' ማለቱ ቀረ።

"ሐኪም ይፈትሽዎታል።"

ሐኪሙ ፈተሸው። ሰንበሩ ከግራ ትከሻው ይወርድ ነበር። አስተናጋጁም የጠበቃውን ፎቶ ሲያይ አልሳቀም። "እኚህ ሲወጡ መቆም አቅቷቸው ነበር" አለ።

ታናሽየው ከዚያ በኋላ ለመናገር አልተለመነም።

"ሰክሮ ሰው የገጨ ደንበኛውን ወንድሜ በዚያን ቀን በነፃ አስለቅቆ ነበር፤ ድሉን ሲያከብር ነው የጠጣው። አትንዳ ስለው ቁልፉን ነጠቀኝ። ከገጨ በኋላ 'እኔ ሰክሬያለሁ፣ ከተያዝኩ የጥብቅና ፈቃዴም ስሜም አለቀ፤ አንተ አልጠጣህም፣ በትንሽ ቅጣት አወጣሃለሁ' አለኝ። አባትና እናት ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ምን ልበለው?"

"ታዲያ ለምን ጠጣህ? የሚፈልገው እኮ ያልጠጣ ሰው ነበር።"

"አዎ፣ መጠጥ እንዳልነካ አስጠንቅቆኝ ነበር። ከመኪናው ወርጄ አየኋት። ትተነፍስ ነበር። እጅጌዬን ያዘችኝ። እሱ ከውስጥ 'ግባ!' ብሎ ጮኸ። እጇን አስለቅቄ ገባሁ። እሷን ለመርሳት ነው የጠጣሁት።"

ጠበቃው ግድግዳውን እያየ "ጠበቃዬ በሌለበት አልናገርም" አለ።

"መብትዎ ነው" አለችው። በጥፊ ልትለው እጇን በልቷት ነበር።

ስትወጣ ሽማግሌው ከአግዳሚው ተነሱ። ያንኑ ጠየቋት። መዋሸት አማራት። ግን በዚህ ጣቢያ የተዋሸው ይበቃል ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ቆይታ ነበር፣ አባባ።"

ሜትሩን አጥብቀው ያዙ። "አጠገቧ ሰው ነበር?"

"ነበር" አለች። "ሁለት።"