ወንድ ያማሰለው አጣካና

ባሌን ያገኘሁት በቴሌቪዥን ምክንያት ነው ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ሌላው ሠርግ ቤት ይገናኛል፣ አውቶቡስ ላይ ይገናኛል። እኛ የተገናኘነው ሆሳዕና ውስጥ፣ ቀበሌ አዳራሽ፣ ስለ ሽንኩርት አከታተፍ ስንከራከር ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው ቀበሌው ብቻ ሲሆን፣ የተቆለፈበት ሳጥን ቁልፍም ከሊቀመንበሩ ከጓድ ተክለጊዮርጊስ ኪስ አይወጣም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ ስብሰባ፣ ከዚያ ዜና፣ ከዚያ የመጣው ሁሉ ይታያል። አንድ ቅዳሜ የመጣው የምግብ ዝግጅት ውድድር ሆነ። በአንድ በኩል ነጭ ቆብ የደፉ የአዲስ አበባ ሆቴል ኩኮች፣ ሁሉም ወንዶች። በሌላ በኩል ሽርጥ ያገለደሙ የቤት እመቤቶች።

አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ ልል ነበር፤ አልተከፈለም። ሴቱም ወንዱም ለእመቤቶቹ ነበር። ለኩኮቹ ያጨበጨበ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከኋላዬ ተቀምጧል።

«ቆቡን ነው ወይስ ወጡን ነው የወደድከው?» አልኩት ዞር ብዬ።

«እጁን ነው። ሲከትፍ አየሽው? አይቸኩልም።»

«እናቶቻችን እኮ ያለ መክተፊያ፣ እጃቸው ላይ ይዘው ነው የሚከትፉት!»

«አውቃለሁ። አንጋጫ ያለችው እናቴም እንደዚያው ናት። እሷ ብትኖርበት ሁሉንም ታሸንፍ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ለነዚህ ታጨበጭባለህ?»

«የሚያጨበጭብላቸው ጠፋ፤ አሳዘኑኝ» አለኝ።

ደህና አድርጌ አየሁት። እሱም አየኝ። ሁለታችንም ወደ ቴሌቪዥኑ መመለስ እንዳለብን የረሳን ይመስለኛል።

ዳኞቹ ውጤቱን ሊናገሩ ሲነሱ መብራት ጠፋ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ጓድ ተክለጊዮርጊስ ግን ስብሰባ የለመዱ ሰው ናቸው፤ ፋኖስ አስለኮሱና፣ «መብራቱ እስኪመጣ ድረስ በታየው ዝግጅት ላይ አስተያየት ያለው ጓድ?» አሉ።

እጆች ከየአቅጣጫው ወጡ። አንዷ የእመቤቶቹ ሽንኩርት እንዳረረ፣ ሌላው የኩኮቹ ሥጋ ጥሬ እንደሆነ ተናገሩ፤ ማንም ሳይቀምስ! በመጨረሻ ከፊት ረድፍ አንድ ትልቅ እጅ ተነሳ። የአባቴ የአቶ ሽብሩ ነበር።

«እኔ አስተያየት አለኝ። ወንድ ልጅ ማማሰያ ይዞ ሲታይ ለሕፃናት ጥሩ ትምህርት አይደለም። እኔ ሽብሩ፣ ወንድ ያማሰለውን ከምበላ ጦሜን ባድር ይሻለኛል!»

ጭብጨባው ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። መብራቱ ሳይመጣ፣ ማን እንዳሸነፈም ሳናውቅ ተበተንን።

በር ላይ ያ ከኋላዬ የነበረው ልጅ ጠበቀኝ። «ተገኘ እባላለሁ» አለኝ። «እዚሁ፣ ከገበያው ጀርባ ያለው ሆቴል ኩክ ነኝ።»

ሳቅኩ። እሱ እንዳልሳቀ ሳይ አቆምኩ።

«የመጨረሻው ተናጋሪ አባትሽ ናቸው አይደል?»

«አባቴ ነው።»

«እንግዲያው ቻው።»

«ለምን ቻው?» አልኩት።

ነገራችን የተጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ (አስተማሪ ነበርኩ) መንገድ ላይ ይጠብቀኛል። ስለ ድስት ሲያወራ ሌላው ስለ ኳስ እንደሚያወራው ፊቱ ይበራል። እኔ እንኳን ማብሰል፣ ሻይ ሳፈላ ውሃው የሚያርብኝ ሰው ነኝ። «ግዴለም፣ አንዳችን ካወቅን ይበቃል» ይለኝ ነበር። ወደድኩት። በጣም ወደድኩት።

እኛ አገር ወንድ ጓዳ አይገባም። ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት በኩል እንኳ ማለፍ ካለበት መምጣቱን እንዲያውቁ አስቀድሞ ይስላል፤ ሳይስል ያለፈ ወንድ ለዓመት መሳቂያ ይሆናል። ተገኘ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ሥራውን ጠየቀ። «ኩክ» ሲሉት፣ «ምን?» አለ። ደገሙለት። ለመልስ እሑድ ቀጠራቸው።

መልሱን እኔ ቀድሜ አወቅኩት። እናቴን እንዲህ ሲላት ሰማሁ፤ «እንግዳ ሳይበላ አይሸኝም። ጥሩ አጣካና ሥሪላቸው። ከበሉ በኋላ ልጄን አልሰጥም እላቸዋለሁ።»

እናቴ እታለም በአጣካና የታወቀች ናት። ቡላ፣ ቅቤና ወተት ብቻ ነው፤ ሥራው ማማሰሉ ላይ ነው። እጅ ለአፍታ ካረፈ ይጓጉላል፤ የተጓጎለ አጣካና ደግሞ ለእንግዳ ስድብ ነው። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀመጡ። ቅቤው ሲግል እናቴ ድስቱን ለማቃናት ጎንበስ አለች፤ ድስቱ ተንሸራተተና ቅቤው ቀኝ እጇ ላይ ፈሰሰ።

አልጮኸችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ቀረች። እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ በንጹሕ ነጠላ ጠቀለልኩላት።

«ማማሰያውን ያዢ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ታውቂኝ የለም?»

«ወይኔ፣ አውቅሻለሁ!» አለች። ዕንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

በጓሮ ወጥቼ ወደ ሆቴሉ ሮጥኩ። ከተገኘ ጋር በእንሰቱ መሃል ተመልሰን ስንደርስ እሱ ጓዳው በር ላይ ቆመና እንደ ደንቡ ሳለ።

«እማማ እታለም፣ ልግባ?»

እናቴ ወደ ሳሎን በአገጯ አመለከተች። አባቴ ስለዚያው ውድድር ለሽማግሌዎቹ እያስረዳ፣ «ቆብ ደፍቶ ወጥ የሚሠራ ወንድ!» ይላል።

«ይሰማሃል?» አለችው።

«ይሰማኛል።»

«ፈርተሃል?»

«አዎ፣ በጣም።»

«ውሸታም አይደለህም። ግባ።»

እጅጌውን ሰበሰበ። ወተቱን በትንሽ በትንሹ ሊጨምር ሲል እናቴ በደህናው እጇ ያዘችው።

«እንደሱ አይደለም!»

«እኛ አንጋጫ እንዲህ ነው የምናደርገው።»

«አሁን ያለኸው የማን ጓዳ ነው?»

«የእርስዎ።»

እንዳለችው አደረገ። እሷ በአፏ፣ እሱ በእጁ። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ በነጠላዬ ጠረግኩለት፤ ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

አጣካናውን ሳቀርብ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የተገኘ አጎት አቶ አበራ፣ ለጸሎት ተነሱ። ስለ ዝናቡ ጸለዩ፣ ስለ አገሩ ጸለዩ፣ ስለ መንገደኛው ጸለዩ። ተገኘ ከጓዳ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፤ «ኧረ ይቀዘቅዛል!»

በመጨረሻ በሉ። ከማንኪያ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። አባቴ አንዴ አስጨምሮ ደገመ።

«የእታለም እጅ ይባረክ!» አሉ አቶ አበራ። «በዚህ እጅ ያደገች ልጅ ትዳር ታውቃለች።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ገባች። የተጠቀለለውን እጇን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «የምትመርቁት እጅ ይኸውላችሁ፤ ገና ሳልጀምረው ተቃጥሏል።»

አባቴ ደንግጦ ተነሳ፤ እጇን አገላብጦ አየ። ከዚያ ሳህኑን አየ። «ታዲያ ይህን ማን አማሰለው?»

ስሜን ብትጠራ ሁሉም ያምናት ነበር። እኔም እንድትጠራው የፈለግኩበት ቅጽበት ነበር።

«ተገኘ ነው» አለች እናቴ። «ከኔ ይበልጣል አልልም። ግን እንደሱ ነገር የሚሰማኝ ልጅ አልወለድኩም።»

አቶ አበራ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አባቴ ቀስ ብሎ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተመለሰ።

«የት ነው ያለው?» አለኝ።

«ጓዳ ነው፣ አባባ።»

«ምን ይሠራል?»

«ድስት እያጠበ ነው።»

«ጥሪው።»

ሽማግሌ በተቀመጠበት ጠያቂው ልጅ አይገባም፤ ነውር ነው። ተገኘ ግን ገባ፤ እጁ እንደረጠበ፣ አንገቱን ደፍቶ ስድቡን የሚጠብቅ መስሎ ቆመ።

አባቴ ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ በልተሃል?» አለው።

ተገኘ ቀና አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም። «አልበላሁም፣ ጋሼ።»

«ይህን ሁሉ ሰው አብልተህ ጦምህን ልትሄድ ነበር?»

«ሥራዬ እንደሱ ነው፣ ጋሼ። እኔ የምበላው ሰው ከሄደ በኋላ ነው።»

አባቴ ጠጋ ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀለትና የራሱን ማንኪያ ዘረጋለት።

«በኔ ቤት እንደሱ አይደለም» አለው። «በልጄም ቤት እንደሱ አይሆንም። ተቀመጥና ብላ።»

አቶ አበራ መልሱን ሊጠይቁ የከፈቱትን አፍ መልሰው ዘጉ። ተገኘ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ሲበላ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። የሚወዱት ሰው ሲበላ ማየት እንዲህ ደስ እንደሚል እስከዚያ ቀን የነገረኝ ሰው አልነበረም።